ዳዶው ይጠብቃል

ለወንድም ጋሼ፣

እኔ ስሜ ከታች የሰፈረው፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ዓመት ከአራት ወር የሆነ፣ አጎታችን ቢጠራጠርም አእምሮዬ ጤነኛ የሆነ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የሚከተለውን አምናለሁ፦ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የቀረውን ሰማያዊ ቱታህን ለብሻለሁ። ለብሼ ብተወው ደግ ነበር፤ እጅጌው እጄን ስለዋጠብኝ በእማማ መቀስ ቆርጬዋለሁ። ወንጀሉ የተፈጸመው አባባ «ይህን ቱታ ማንም እንዳይነካው» ብሎ ካዘዘ በአሥራ አንደኛው ወር ነው። የተቆረጠው እጅጌ በአሁኑ ሰዓት የአጎታችን መወልወያ ጨርቅ ሆኖ በቅንነት በማገልገል ላይ ይገኛል። አጎታችን የምን ጨርቅ እንደሆነ አያውቅም። አደራ።

ሌላም ኑዛዜ አለኝ። እሱ ግን ከጉሮሮዬ ቶሎ አይወጣም፤ ቆይ።

በመጀመሪያ ሰላምታው ይቅደም፣ ያለ ሰላምታ የሚጀመር ደብዳቤ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመስላል። እንዴት ነህ? ትበላለህ? ያ የጨው ማምረቻ ፓምፕ እጅህን አልበላውም? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ማለቴ፣ የአባባ ትከሻ ዝናብ መምጣቱን ከሬዲዮው ቀድሞ ከመናገሩ፣ የእማማ ትዕግሥት ከማለቁ፣ የአጎታችን ግራ ጆሮ ጨርሶ ከመዘጋቱና እኔን ከማክሰኞ ጀምሮ ምግብ አልወርድ ከማለቱ በቀር ደህና ነን።

የምጽፍልህ ከየት ሆኜ እንደሆነ ብታውቅ ትስቃለህ። አሮጊቷ ውስጥ ነኝ። አዎ፣ የውድድር መኪናችን ውስጥ፣ የአባባ ወንበር ላይ፣ ከነጫማዬ፣ ከላይ በሸራ እንደተሸፈነች። በሸራው ቀዳዳ የሚገባው የቀን ብርሃን ለአንድ ገጽ ይበቃል። ማንም ሰው በዚህ ቤት ውስጥ ሊፈልገኝ የማያስብበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ መግባት እንደማይቻል ሁሉም ያውቃል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ጡሩምባ ነው፤ ያ ጡሩምባ ሳይነፋ ማርሽ የማያስገባው የጭነት መኪና ሹፌር። ዛሬ ሐሙስ በአሥር ሰዓት ይነሳል፣ ነገ ጠዋት ጨው ሊጭን አንተ ዘንድ ይደርሳል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይመለሳል። ውድድሩ እሑድ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ስልክህን ከቀየርክ ወዲህ አዲሱን ቁጥር የሚያውቅ ሰው በዚህ ቤት የለም፤ ቢኖርም አያወጣም። ስለዚህ መልስህ ከቅዳሜ ካለፈ አይጠቅመኝም። ይህን እያነበብክ ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ። ተቀምጠህ ከሆነ እርሳስ ፈልግ።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

እንደምታውቀው በእኛ ቤት ዘመን የሚቆጠረው በተሰበረ ዕቃ ነው። አንተ የተወለድከው ፍሪሲዮኑ በተቃጠለበት ዓመት ነው። እኔ ራዲያተሩ በፈነዳበት። እማማና አባባ የተጋቡት የማራገቢያው ቺንጋ ተበጥሶ አጎታችን በገዛ ቀበቶው አስሮት፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ሦስት ሰዓት በነዳበት ዓመት ነው። ሰርጋቸው ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ብትጠይቃቸው ይጣላሉ፤ የቀበቶው ዓመት መሆኑን ግን ሁለቱም ይምላሉ። ያለፈውን ዓመት ብቻ ማንም በስሙ አይጠራውም። «ያኔ» ይላሉ፣ ከዚያ አንዱ ይነሳና መስኮት ይዘጋል።

እኔ ግን እጠራዋለሁ፤ የጎማው ዓመት።

አንተ ያላየኸውን ልንገርህ፤ መታጠፊያው ላይ የነበርኩት እኔ ነበርኩ። የውድድሩ ዘጠነኛ ሰዓት ነበር። አሮጊቷ ከሃያ ስድስት መኪና አራተኛ ሆና፣ ከእሷ በሃያ ዓመት የሚያንሱትን እያሳፈረች ነበር። አባባ ከቁልቁለቱ ሲወርድ የኋላ ግራ ጎማው አለፈው። በመጀመሪያ ሳቅሁ፣ ይቅር በለኝ። ጎማው እንደ ተቸኮለ ሰው ቀጥ ብሎ ይሮጣል፣ አባባ ከኋላው ይከተላል። በዚያ ውድድር ታሪክ በገዛ ጎማው የተቀደመ አባታችን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ መኪናዋ ስትዞር ሳቄ አፌ ውስጥ ቀረ። ትከሻው ተሰበረ። የቀኝ አውራ ጣቱ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ሐኪሙ ሰፍቶታል፣ ዛሬም መሃሉን ጠባሳው እንደ መንገድ መስመር ያቋርጠዋል።

የሆነውን ሁሉ ታውቃለህ። ቃሬዛ ላይ ተኝቶ እንኳን የጮኸው አንድ ቃል ነው። «ይጠብቃል ብለህ አስጻፍክ!» አንተም ጮህክ። «አዎ፣ ይጠብቃል ብያለሁ!» እሱ ደግሞ «ይጠብቃል ብለህ ነው ወይ የገደልከኝ?» አንተ ደግሞ «ይጠብቃል እያልኩህ ነው የወጣኸው!» ከአምቡላንሱ ጀርባ ሞተሮች እየጮኹ፣ አጎታችን መሃል ቆሞ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ፣ ሁለታችሁ አንድ ቃል ለአሥር ደቂቃ ተወራወራችሁ። ማታውኑ ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ። እሱ ውሸታም ነህ ያለህ መሰለህ። እሱም በእሱ ነፍስ የቀለድክ መሰለው።

ወንድም ጋሼ፣ ሁለታችሁም እውነት ስትናገሩ ነበር።

የጋራዣችንን ሕግ አስታውስ። የሚፈትሸው ሰው መኪና ሥር ይገባል፣ እያንዳንዱን ዳዶ በቁልፍ ይሞክራል፣ ከሁለት ቃል አንዱን ይጮሃል፦ ይጠብቃል ወይም ይላላል። ከላይ ያለው ሰው ይጽፋል። አባባ «በጋራዥ ውስጥ ሦስተኛ ቃል ከሰማሁ ቁርስ የለም» ይል ነበር። (ስለ ዳዶ ሳነሳ ብረቱን ነው እንጂ እኔን አይደለም። አጭር፣ ክብና የማትፈታ ነሽ ብለህ ይህን ስም ያወጣህልኝ ቀን ነገር መደበላለቁ አይቀርም ብዬ ነበር።)

የውድድሩ ዋዜማ ሥር የገባኸው አንተ ነበርክ። መዝገቡን የያዝኩት እኔ። ገጽ አርባ አንድ፣ አሥራ አንድ መስመር። አንተ ትጮሃለህ፣ እኔ እጽፋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ጆሮዬ አንተ ጋ፣ እጄ መዝገቡ ላይ፣ ልቤ ግን አጥር ሥር ተቀምጦ ብስክሌቱን የሚያጸዳው የጎረቤት ልጅ ጋ ነበር። (ይህ ኑዛዜ አይደለም፤ መረጃ ነው።) «የኋላ ግራ ጎማ ዳዶ፣ ይጠብቃል» አልክ። ጻፍኩ። «የዲፈረንሻሉ ዳዶ፣ ይጠብቃል» አልክ። ጻፍኩ። አንዲት ፊደል አልሳትኩም። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ አንተ የጎማውን ዳዶ እንዳይላላ የሚቆልፈውን አዲስ ቀለበት ልታመጣ ወደ ዕቃ መደብሩ ሄድክ፣ መንገድ ተዘጋብህ፤ አባባ መዝገቡን ገለጠ፣ «ይጠብቃል» የሚለውን አነበበ፣ የጎማውን ክዳን ገጠመ፣ ወጣ። አንተ ቀለበቱን በእጅህ ይዘህ ስትደርስ የመነሻው ባንዲራ ወርዷል።

አሁን ወደ ማክሰኞ እንሂድ። ያ መነጽራም የቋንቋ አስተማሪያችን ሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ እንደ ልማዱ ለግድግዳው እያስተማረ፣ አንዳንድ ፊደል ሲነበብ ይጠብቃል፣ አንዳንዱ ይላላል፣ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው ይላል። ሲጠብቅ በምላስህ ረገጥ ታደርገዋለህ፤ ሲላላ ለቀቅ። እኔ የዴስኬን እንጨት በምስማር እየፋቅሁ ነበር። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ምሳሌ ጻፈ፦ ይጠብቃል። «ይህ ቃል» አለ፣ «ብ ላልታ ስትነበብ ገመዱ ጠንክሮ ታስሯል ማለት ነው። ብ ጠብቃ ስትነበብ ዘበኛው ይጠብቃል፣ እንግዳው ይጠብቃል፣ ጉዳዩ ቆይቶ ይደርሳል ማለት ነው።»

ምስማሩ ከእጄ ወደቀ።

ጮክ ብለህ በላት እስቲ፣ እዚያው ፓምፕህ አጠገብ። ሰው ካየህ ግድ የለም፣ ጨው ያሰከረው ይሉሃል። ብን ለቀቅ አድርግ፤ ዳዶው ታስሯል፣ አልቋል። ብን ረገጥ አድርግ፤ ዳዶው ገና ነው፣ ቀለበቱ እስኪመጣ ይቆያል። ጉዱ ገባህ? ብ ስትላላ ዳዶው ጠብቋል፤ ብ ስትጠብቅ ዳዶው ላልቷል። አንተ ሥር ሆነህ በረገጥካት ብ፣ አባባ ላይ ሆኖ ባላላት ብ፣ ጎማ ወጣ። አሥር ደቂቃ ሙሉ የተጯጯሃችሁት ቃል አንድ ቃል አልነበረም። በዚያ የሞተር ጩኸት ውስጥ ብ ትጥበቅ ትላላ ማን ይሰማል? የሰሚው ዋና አጎታችን ነው፤ እሱ ደግሞ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለውን ተረት በአካል የሚኖር ሰው ነው።

አስተማሪው ፊቴን አይቶ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ተማሪ የገባው መሰለው። ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው። «አንቺ፣ በዚህ ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሪ» አለኝ። «ዳዶው ይጠብቃል» አልኩ። «ጎበዝ! የትኛውን ማለትሽ ነው?» አለኝ። «እሱን ነው የማላውቀው» ብዬ ቦርሳዬን ትቼ ሮጥኩ። ቦርሳዬ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

አሁን የቀረውን ኑዛዜ ልናገር። ያን ቀን ከአምቡላንሱ ጀርባ መዝገቡ በእጄ ነበር። ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤው ነበር። ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንኳን «የጻፈችው እሷ ናት፣ እንጠይቃት» አላላችሁም፤ እኔም አፌን አልከፈትኩም። ምናልባት ተሳስቼ ጽፌ ይሆን ብዬ ፈራሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ሻይ በሚቀዳ ቁጥር፣ እማማ አምስት ብርጭቆ አውጥታ አንዱን መልሳ ባስቀመጠች ቁጥር፣ እኔ ነኝ ልል እነሳና ስኳር አቀብላለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔው ነቅዟል፣ ወንድም ጋሼ። ይኸው አወጣሁት።

ግን ደብዳቤውን ያጻፈኝ ያለፈው አይደለም። መስመር ዘጠኝ ነው። የዲፈረንሻሉ ዳዶ።

ከአሥራ አንዱ መስመር አሥሩን አባባ ከዚያ ወዲህ በገዛ እጁ ፈትቶ አስሯል። የዲፈረንሻሉን ግን አልነካውም። ያን ለመጨረሻ ጊዜ የነካኸው አንተ ነህ፣ በዚያ ዋዜማ። ያን ዕለት ያልከው የትኛውን ነበር? አሥረህ ጨርሰህ ነበር? ወይስ እሱም እንደ ጎማው አዲስ ቀለበት እየጠበቀ ነበር? እኔ ልነግርህ አያስፈልግም፤ ያ ዳዶ ላልቶ ቢወጣ የኋላ ጎማዎቹን በሚያዞረው ሳጥን ውስጥ ያሉት ጥርሶች ይነካከሳሉ፣ የኋላ ጎማዎቹ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላሉ። ጎማ ሲወጣ መኪና ይዞራል። ሁለቱ ሲቆሙ ግን፣ በዚያ ቁልቁለት፣ በዚያ ፍጥነት… ይህን ዓረፍተ ነገር አልጨርሰውም።

ለአባባ ነግሬዋለሁ። ማክሰኞ ዕለቱን፣ ትንፋሼ ሳይመለስ። ገና «ገጽ አርባ አንድ» ስል ፊቱን አዞረ። ስለ ብ ሳስረዳው «የቋንቋ ትምህርትሽን ለአስተማሪሽ» አለኝ። «እንክፈተውና እንየው፣ ሩብ ሰዓት ነው» አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «እሱ የዘጋውን አልከፍትም።» ይኸው ነው። ደግሜ ብለምነው ደግሞ «አልከፍትም አልኩ» ብሎ ክሪኩን አነሳና ከባድ ሳይሆን ከባድ አስመስሎ ተሸክሞ ሄደ።

አጎታችንን አማከርኩ። እሱ ሁሉን ያውቃል፣ በተለይ ያልተጠየቀውን። ረጅሙን ካቻቢቴ አምጥቶ ጫፉን ዲፈረንሻሉ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ እንደ ሐኪም ዓይኑን ጨፍኖ «አዙሪው» አለኝ። ጎማውን አዞርኩ። «እንደ ወፍ ትዘምራለች! ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ሳትጮህ ሠርታ ዛሬ ምን ትሆናለች?» አለ። የተጠቀመው በግራ ጆሮው ነው። ጡሩምባ አጠገቡ ቆሞ ቢነፋ እንኳን ወፍ ነው የሚለው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ መሆኑን ብነግረው «የትኛው ውሃ? ራዲያተሩ አፈሰሰ?» አለኝ።

ራሴ ልክፈተው ብዬ ረቡዕ ጠዋት ቁልፍ ይዤ ሥር ገባሁ። ዘግይቻለሁ። ተቆጣጣሪዎቹ ማክሰኞ ከሰዓት መጥተው መርምረዋት፣ ጥርስ እንዳንለውጥ ብለው ዲፈረንሻሉን በሽቦ አስረው በእርሳስ አትመውታል። ይህ የምጽፍበት እርሳስ አይደለም፤ ያኛው ብረቱ ነው። ቋንቋችን ሰው መግደል ሲፈልግ ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም፣ ወንድም ጋሼ፤ አንድ ቃል ለሁለት ነገር ይሰጥና ዞር ብሎ ይቀመጣል። ማኅተሙ የተቆረጠበት መኪና አይሰለፍም፤ ልመና የለም፣ ይግባኝ የለም። አባባ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜው ከተፈቀደው ያልፋል። የመጨረሻው ነው። የራስ ቁሩን ሦስት ጊዜ ወልውሎታል፤ በማን እጅጌ እንደሆነ አልነግርህም።

እንግዲህ አስበው። ማኅተሙን ቆርጬ ዳዶው ታስሮ ቢገኝ፣ ሠላሳ ዓመት የነዳትን መኪና የመጨረሻ ቀን በገዛ እጄ ቀማሁት ማለት ነው። ሳልቆርጥ ብተወውና ላልቶ ቢሆን ደግሞ… ይኸው እንደገና ያ ዓረፍተ ነገር። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ቅጠሉ ግን አንተ ዘንድ ነው። ያን ቀን ብን ረግጠሃት ወይም አላልተሃት እንደነበር የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው።

እማማ ለምሳ እየጠራች ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ከጠራች በማማሰያ ነው የምትመጣው። ወረቀቱን ወንበሩ ላይ ትቼው ልሂድ፤ እመለሳለሁ።

ተመለስኩ። አልበላሁም፤ ማንኪያ ይዤ ተመለስኩ እንጂ።

በመጀመሪያ ከዚህ በፊት ባለው ገጽ ጠርዝ ላይ ስላለው ጥቁር የዘይት አሻራ ይቅርታ። የእኔ አይደለም፤ የእኔ ጣት በዚህ ላይ ሦስቱ ይሰለፉበታል። የአጎታችን ነው እንዳልል መኪና የሚቀባው እሱ ነው፤ ጣቱ ከቀለም ሌላ ነገር አትሞ አያውቅም። ትልቅ ነው፤ መሃሉን ደግሞ ነጭ መስመር ያቋርጠዋል። ምናልባት ቀድሞም ወረቀቱ ላይ ነበረ። ይኖራል። ስለዚህ ጉዳይ ለማሰብ አሁን ጊዜ የለኝም።

ምሳው ላይ የሆነውን ግን ስማ። አባባ ዘግይቶ መጣ፣ እጁን ሳይታጠብ። እማማ ተነሣችበት። «አንተ ሰውዬ፣ ሾርባው እስከ ነገ አይጠብቅህም!» አለች። አባባ ማንኪያውን አፉ አጠገብ አድርሶ ቀረ። «ምን አልሽ?» «አይጠብቅህም አልኩ!» «እስቲ ድገሚው።» «ጆሮህም እንደ ወንድሜ ሆነ?» አጎታችን «እኔ ምን አደረግሁ?» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። አባባ ግን ማንንም አላየም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለራሱ ይላል፤ አይጠብቅህም፣ አይጠብቅህም፣ አንዴ ረገጥ፣ አንዴ ለቀቅ፤ ልክ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ። ከዚያ ሾርባውን ጀምሮ ተወውና ተነሣ። ራዲያተሩ በፈነዳበት ዓመት እንኳን ሳህኑን ጠርጎ ነው የተነሣው። እማማ ጀርባውን እያየች «ታሟል» አለች። እኔ ማንኪያዬን ይዤ ወጣሁ።

በል እንግዲህ፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፣ ጡሩምባ ከመንገዱ ማዶ ጎማውን በእግሩ እየመታ ነው፤ ያ የእሱ ምርመራ ነው። ገጽ አርባ አንድን ከመዝገቡ ቆርጬ ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ። (ይህም ኑዛዜ ነው፣ ቁጥር ሦስት።) መስመር ዘጠኝ ላይ መልስህን አድርግ። ዳዶውን አሥረህ ጨርሰህ ከነበረ ክብ ሥራበት። ቀለበት እስኪመጣ ያቆየኸው ከነበረ መስቀለኛ ምልክት አድርግበት። ክብ ወይም መስቀለኛ ብቻ! ቃል እንዳትጽፍ። በተለይ ያን ቃል እንዳትጽፍ፣ በእማማ ይዤሃለሁ። የማታስታውስ ከሆነም መስቀለኛ አድርግ፤ ቅዳሜ ማታ ማኅተሙን እቆርጣለሁ፣ ከዚያ አባባ ይቁረጠኝ።

አንድ ነገር ደግሞ። ተቆጥተህ ይህን ሳታነብ እንዳትቀድ። እዚህ ማንም ውሸታም አልነበረም። እኔ እንኳን፣ ዝም አልኩ እንጂ አልዋሸሁም፤ ይህ ልዩነት አለው ብለህ እንደምትከራከርልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

እጅህን ከጨው፣ ልብህን ከቂም ይጠብቅልህ። (ይቺ ብ ትጠብቃለች። ከእንግዲህ ይህን ቃል ያለ ማብራሪያ አልጽፍም።) መንገድህ የተቃና፣ ፓምፕህ የማያንጠባጥብ፣ አለቃህ ያንተን ግማሽ ያህል የሚያውቅ ይሁን። እማማ አምስተኛውን ብርጭቆ መልሳ የማታስቀምጥበትን ቀን ፈጣሪ ያሳየን። አሜን በል፣ ብቻህን ብትሆንም።

እጅጌህን የቆረጠችው
እህትህ

ወረቀቱን ላጥፍ ስል አንድ ነገር ሰማሁ፤ ስለዚህ ከታች እጨምራለሁ።

አንድ ሰው ሸራውን ሳይገልጥ ወደ መኪናዋ ሥር ገባ። በጀርባው የሚንሸራተትበት ጣውላ ጎማዎች ሲንጫጩ ሰማሁ። ትንፋሼን ይዤ ተቀምጫለሁ፣ ብዕር ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። (እርሳሴ ተሰበረ። የእኔው እርሳስ።) ሳል ሰማሁ፤ አባባ ነው። ከወንበሬ ሥር ይሄዳል፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ። ዲፈረንሻሉ ጋ ቆመ።

የመሣሪያ ሣጥን ሲከፈት ሰማሁ።

ጠቅ። ሽቦ ነው። ወንድም ጋሼ፣ ጠቅ አለ! አንዲት ትንሽ ነገር ሲሚንቶው ላይ ወደቀች፣ ተንከባለለች። ማኅተሙ ነው። የመጨረሻ ዓመቱን በጉጠት ቆረጠው።

አሁን ብሎኖቹን እየፈታ ነው። አንድ፣ ሁለት። ሦስት። አራት። አንድ ከባድ ብረት ወደ ጎን ተገፋ። አሁን ዳዶው ላይ ነው። ቁልፍ እስኪያስገባ እጠብቃለሁ፤ ቁልፍ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁ። አልመጣም። ቁልፍ አላስገባም። በእጁ ነው። አንድ ዙር ሲዞር ሰማሁ። ሁለት ዙር። በጣቱ ነው የሚያዞረው፣ በባዶ ጣቱ፣ በዚያ በተሰፋው አውራ ጣቱ።

በጋራዡ ሕግ አሁን «ይላላል» ብሎ መጮህ አለበት። አልጮኸም። ጡሩምባ ከማዶ አንዴ ነፋ። አፍንጫ ሲሳብ ሰማሁ፤ ጉንፋን ይሆናል።

ከዚያ «ዳዶ!» አለ።

ብረቱን የጠራ መሰለኝ።

«አንቺን ነው የምልሽ፣ ዳዶ! እግርሽን ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ አንሺ። ብዕሩንም እንዳታስቀምጪ» አለ ከወለሉ ሥር። «ደብዳቤው እንዳልታሸገ አውቃለሁ። ለወንድምሽ አንድ መስመር ጨምሪበት። አባትህ ይጠብቃል በይው።»

ጨምሬያለሁ። ብ ጠብቃ ትነበብ።